አከራካሪ ታሪክን በጋራ ማንበብ፦ ሙዚየሞች ጎብኚዎቻቸውን የሚያወያዩበት አንድ መንገድ

በ1995 መጀመሪያ ላይ ዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየም ለዓመታት ሲዘጋጅበት የቆየውን ትልቅ ዐውደ ርእይ ለሕዝብ ሳይከፍት ሰረዘው። (በዚህ ጽሑፍ ኢትዮጵያን ከሚመለከቱት በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዐውደ ርእዩ እምብርት ኦገስት 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ የመጀመሪያውን የአቶሚክ ቦምብ የጣለው፣ ኢኖላ ጌይ የተሰኘው ቢ-29 አውሮፕላን ነበር። ባለሙያዎቹ አውሮፕላኑን ብቻ ሳይሆን ቦምቡ መሬት ላይ ያደረሰውንም ለማሳየት አስበው ነበር። ከጃፓን በውሰት ሊመጡ ከታሰቡት ዕቃዎች አንዱ የአንዲት ተማሪ የምሳ ዕቃ ሲሆን፣ ሩዙና አተሩ ውስጡ እንዳለ ከስሎ የቀረ ነው። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት የዐውደ ርእዩን ረቂቅ ጽሑፍ ሲያነቡ ግን ጦርነቱን ማን እንደጀመረው ተረስቶ እነርሱ ጥፋተኛ የተደረጉ ሆኖ ተሰማቸው። ረቂቁ ደጋግሞ ተጻፈ፤ የአሜሪካ ሴኔት በሴፕቴምበር 1994 የተቃውሞ ውሳኔ አሳለፈ፤ የታሪክ ምሁራን በበኩላቸው ሙዚየሙ ለጫና ተንበረከከ ብለው ተነሡ። ዳይሬክተሩ ማርቲን ሃርዊት በሜይ 1995 ሥራቸውን ለቀቁ። በመጨረሻ ለሕዝብ የቀረበው የአውሮፕላኑ አካልና ዋናውን ጥያቄ የማይነካ አጭር ማብራሪያ ነበር።

ይህ ጠብ በምሁራንና በወታደሮች መካከል የተነሣ ብቻ አይመስለኝም። ሙዚየም የሚናገርበት መንገድ ራሱ ያለበትን ጉድለት ያጋለጠ ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማብራሪያ የጻፈው ሰው ስም የለበትም፣ የሚናገረውም በአንድ ድምፅ ነው። በዚያ አንድ ድምፅ ውስጥ የወታደሩን ፍርሃትና ልጇን ያጣችውን እናት ሐዘን በአንድ አንቀጽ ለማስገባት ሲሞከር፣ ዓረፍተ ነገሩ ወይ ማንንም ላለማስከፋት ሲባል ፍሬ ያጣል፣ ወይ አንዱን ወገን አስቆጥቶ ያርፋል። ጎብኚውም መልስ የሚሰጥበት ቦታ የለውም፤ የተስማማ እንደተስማማ፣ የተናደደ እንደተናደደ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በተለይ ሰዎች በቤተሰባቸው ውስጥ ሆድ ይፍጀው ብለው ያለፉት ጉዳይ ሲሆን፣ ሙዚየሙ ውስጥ አብረው የቆሙ ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ሳይለዋወጡ በየራሳቸው ቁስል ይለያያሉ።

ከዚህ አጣብቂኝ ለመውጣት ከሚሞከሩት መንገዶች አንዱ የጋራ ንባብ ነው። አሠራሩ ለመግለጽ ቀላል ነው። ሙዚየሙ ከደብዳቤዎች፣ ከንግግሮች፣ ከፍርድ ቤት መዛግብት ወይም ከቃለ መጠይቆች የተውጣጣ አጭር ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ ጽሑፉ እንደ ተውኔት በተናጋሪ በተናጋሪ ይከፈላል፤ ስድስት ወይም ስምንት ሰዎች ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው በየተራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ ሌሎቹ በክብ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። በቃል የሚጠና ነገር የለም፣ አልባሳት የለም፣ መጋረጃና መብራት የለም። አንባቢዎቹ ብዙውን ጊዜ ተዋንያን ሳይሆኑ በዕለቱ የመጡ ጎብኚዎች፣ ተማሪዎች ወይም የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው። ንባቡ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ቀጥሎ የሚመጣው ውይይት ቢያንስ የዚያን እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ንባቡ የሚዘጋጀው ለውይይቱ ሲባል ነው።

ለዚህ አሠራር ረጅም ልምድ ያለው ምሳሌ የሚገኘው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ነው። በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ፣ አሜሪካውያን የነጻነት በዓላቸውን በሚያከብሩበት ሰሞን፣ በግዛቲቱ ልዩ ልዩ ከተሞች ሰዎች በአደባባይ፣ በቤተ መጻሕፍት፣ በአብያተ ክርስቲያናትና በሙዚየሞች ተሰብስበው ፍሬድሪክ ዳግላስ ጁላይ 5 ቀን 1852 በሮቸስተር ከተማ ያሰማውን ንግግር በየተራ ያነባሉ። ዳግላስ ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት ተወልዶ በ1838 ያመለጠ፣ ከዚያም በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ተናጋሪዎች አንዱ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። የከተማዋ የሴቶች ፀረ ባርነት ማኅበር ለበዓሉ እንዲናገር ሲጋብዘው የተናገረው በዓሉ በዋለ ማግስት ሲሆን፣ ባርነት በሕግ የተከለከለው ከዚያ አሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ንባቡን ማስ ሂውማኒቲስ የተባለው የግዛቲቱ ተቋም ለብዙ ዓመታት ሲደግፈው ቆይቷል። ቦስተን ውስጥ የሚካሄደው ንባብ ከምክር ቤቱ ሕንፃ ፊት ለፊት፣ በ1897 በተመረቀው የ54ኛው ክፍለ ጦር መታሰቢያ ሐውልት አጠገብ ሲደረግ ቆይቷል፤ ይህ የጥቁሮች ክፍለ ጦር በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጋ፣ የዳግላስ ሁለት ልጆችም የተሰለፉበት ነው።

ንባቡ ሲካሄድ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የንግግሩ አጠር ያለ ቅጂ በአንቀጽ ተከፍሎ ለአንባቢዎች ይታደላል፤ አንባቢዎቹ ተሰልፈው ተራ በተራ ወደ ማይክሮፎኑ ይቀርባሉ። መጀመሪያ የሚያነቡት የአሜሪካን መሥራቾች የሚያወድሰውን ክፍል ነው፤ ዳግላስ ንግግሩን የጀመረው በምስጋና ነበርና። ከዚያ ነገሩ ይዞራል፤ «ይህ በዓል የእናንተ እንጂ የእኔ አይደለም። እናንተ ትደሰቱ ይሆናል፣ እኔ ግን ማዘን አለብኝ» የሚለው ቦታ ይደርሳል። ይህ አንቀጽ ማን እጅ እንደሚገባ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር የለም። ጡረታ የወጡ ነጭ አዛውንት ሊያነቡት ይችላሉ፤ ዜግነት ካገኘ ገና አንድ ዓመት የሆነው ስደተኛ፣ ወይም ቅድመ አያቶቿ በባርነት የተሸጡ ወጣት ልታነበው ትችላለች። ቃሉ ያው የዳግላስ ቃል ሆኖ ሳለ ከእያንዳንዱ አፍ ሲወጣ የሚከብድበት ቦታ ይለያያል፤ የሚያዳምጠው ሰውም ንግግሩን ብቻ ሳይሆን ያን ሰው ያን ቃል ሲናገር ይሰማዋል። ከንባቡ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ከዚህ የሚመነጭ ስለሆነ አወያዩ ብዙ መግፋት አያስፈልገውም።

የጋራ ንባብ ጉልበት እዚህ ላይ ነው ያለው ብዬ አምናለሁ። በተራ ክርክር ላይ ሰው የሚናገረው የራሱን አቋም ስለሆነ፣ አቋሙ ሲነካ ራሱ የተነካ ይመስለዋል፤ ጆሮውም የሚሠራው መልስ ለመፈለግ ብቻ ይሆናል። በንባብ ጊዜ ግን ቃሉ የሌላ ሰው ነው። አንባቢው የማይስማማበትን ሐሳብ በራሱ ድምፅ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳያቋርጥ መናገር ግድ ይሆንበታል፤ አድማጩም ሊያቋርጠው አይችልም፣ የሚነበበው ተራው የደረሰ ወረቀት ነውና። በሽምግልና ላይ ባላጋራዎቹ ቃላቸውን ለሽማግሌዎቹ ሲያሰሙ እንጂ እርስ በርስ ሲወራወሩ እንደማይፈቀድላቸው ሁሉ፣ እዚህም ወረቀቱ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይቀመጣል። ኋላ በውይይቱ ላይ አንድ ሰው «አንተ እንዲህ ትላለህ» ከማለት ይልቅ «ሦስተኛው አንባቢ ያነበበው ደብዳቤ እንዲህ ይላል» ማለት ይችላል። ይህ ትንሽ ልዩነት ቢመስልም ንዴትን የማብረድ አቅሙ ትልቅ ነው።

የጊዜ ርቀትም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ብራያን ዶሪስ የተባሉት አሜሪካዊ የቴአትር ዳይሬክተር ከ2008 ጀምሮ ሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩትን የሶፎክልስ ተውኔቶች ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው በንባብ ሲያቀርቡ ቆይተዋል። ሶፎክልስ ራሱ በአቴንስ የጦር አዛዥ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነበር፤ በጽሑፎቹ ውስጥ ያሉት የቆሰሉና የተከዱ ተዋጊዎችም ከጦርነት የተመለሰ ሰው የሚያውቃቸው ናቸው። ንባቡ እንዳበቃ መጀመሪያ የሚናገሩት ምሁራን አይደሉም፤ ከዚያው ማኅበረሰብ የመጡ ጥቂት ሰዎች፣ ለምሳሌ አንድ የቀድሞ ወታደርና አንዲት የወታደር ሚስት፣ በሰሙት ላይ የተሰማቸውን ይናገራሉ፤ ከዚያ ንግግሩ ወደ አዳራሹ ይተላለፋል። ስለ ራሱ ሕመም በቀጥታ ሲጠየቅ ዝም የሚል ሰው ስለ ጥንታዊው ተዋጊ ሕመም ሲናገር ስለ ራሱ መናገሩን ሳያውቀው ይቀራል። በእነዚህ ንባቦች ላይ የሚያነቡት ሙያተኛ ተዋንያን ናቸው። ለሙዚየም ግን ጎብኚው ራሱ ቢያነብ እመርጣለሁ። ንባቡ መደነቃቀፍና መንተባተብ ይኖረዋል፣ አንዳንዱ ቃል በትክክል አይወጣም፤ ሆኖም አድማጩ የአንባቢውን ችሎታ በማድነቅ ፈንታ ወደ ቃሉ ይሄዳል፣ ያነበበውም ሰው ኋላ ለመናገር አፉ ተፍታቷል።

ታሪኩን ከማንበብ ይልቅ ለምን አይተወንም የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በቨርጂኒያ የሚገኘው ኮሎኒያል ዊልያምስበርግ የተባለው ሕያው የታሪክ ሙዚየም በኦክቶበር 1994 በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ይደረግ የነበረውን የባሪያ ጨረታ በአደባባይ በተዋንያን አሳይቶ ነበር። ሥራውን የመሩት የሙዚየሙ የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክ ክፍል ኃላፊ ክሪስቲ ኮልማን ነበሩ። የጥቁሮች መብት ድርጅቶች ገና ሳይጀመር ተቃውመው ወጡ፤ የሕዝባቸው ስቃይ የቱሪስት መዝናኛ ሊሆን ነው የሚል ሥጋት ነበራቸው። ትዕይንቱ ሲያበቃ ግን ከተቃዋሚዎቹ መሪዎች አንዱ ሐሳባቸውን እንደቀየሩ በይፋ ተናገሩ፤ ሥቃዩ መልክ፣ ውርደቱም አካል ኖሮት እንዳዩት ነበር የገለጹት። ትዕይንቱ ተሳክቷል ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የተሳካው ለዓመታት በሠለጠኑ፣ ይህን ሸክም ለመሸከም በፈቃዳቸው በወሰኑ ባለሙያዎች ነው። ጎብኚን ከመንገድ ጠርቶ «አንተ ሻጭ ሁን፣ አንቺ ተሸጪ» ማለት ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያሉ «ልምምዶች» ሕፃናትን በክፍል ጓደኞቻቸው ፊት እያዋረዱ ወላጆችን በተደጋጋሚ አስቆጥተዋል፣ ቁጣውም ተገቢ ነው። ንባብ ይህን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል፤ አንባቢው ሰውዬውን አይሆንም፣ ቃሉን ያደርሳል እንጂ፤ አካሉን፣ ልብሱን፣ እንባውን አይጠየቅም። የጨረታው ማስታወቂያ፣ ዋጋው የተጻፈበት ደረሰኝና ከተሸጡት አንዱ ኋላ የተናገረው ምስክርነት ተከታትለው ሲነበቡ፣ የቀረውን የአድማጩ ኅሊና ይሞላዋል።

አሠራሩን በተጨባጭ ለማየት ወደ ሂሮሺማ እንመለስና ከእውነተኛ ሰነዶች ብቻ አንድ የንባብ ጽሑፍ እንዴት ሊቀናበር እንደሚችል እንመልከት። የመጀመሪያው አንባቢ ጁላይ 17 ቀን 1945 የተጻፈውንና በፊዚክስ ሊቁ በሊዮ ዚላርድ አነሣሽነት ሰባ ሳይንቲስቶች የፈረሙበትን አቤቱታ ይያዝ። አቤቱታው የእጅ መስጫ ሁኔታዎቹ በዝርዝር ለጃፓን በይፋ ሳይነገሩና ጃፓንም አውቃ እምቢ ሳትል ቦምቡ እንዳይጣል ፕሬዚዳንቱን ይማጸናል፤ ወረቀቱ ግን እርሳቸው ዘንድ ሳይደርስ ቀረ። ሁለተኛው አንባቢ በዚያው ሰሞን ከፓሲፊክ ደሴቶች ወደ ቤቱ የጻፈ የአንድ እግረኛ ወታደር ደብዳቤ ይያዝ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ቤተ መዛግብት ይገኛል። ያ ወታደር በጃፓኗ ኦኪናዋ ደሴት በተደረገው ውጊያ ከአሥራ ሁለት ሺህ በላይ አሜሪካውያን መሞታቸውን ሰምቷል። ኪዩሹ ደሴት ላይ ሊደረግ የታቀደው ወረራ ለኖቬምበር 1 ተቆርጦ ነበርና፣ ቀጣዩ ተራ የእርሱ እንደሆነ ያምናል። ሦስተኛው አንባቢ ፕሬዚዳንት ትሩማን ኦገስት 6 ያወጡትን መግለጫ ያንብብ፤ «ጃፓናውያን ጦርነቱን ፐርል ሃርበር ላይ ከአየር ጀመሩት። ብድራቸው በብዙ እጥፍ ተመልሶላቸዋል» የሚለውን ጭምር። አራተኛዋ አንባቢ በዚያ ቀን ጠዋት ከተማዋ ውስጥ ከነበሩት የአንዷን ምስክርነት ታንብብ። የመጨረሻው አንባቢ ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ኦገስት 15 በሬዲዮ ያሰሙትን፣ ጠላት «አዲስና እጅግ ጨካኝ የሆነ ቦምብ» መጠቀም እንደጀመረ የሚናገሩበትን አዋጅ ያንብብ።

እስከዚህ ድረስ ጽሑፉ አሁንም ሁለት ጎራ ነው፤ አሜሪካና ጃፓን። ሁለት ድምፅ ብቻ ሲኖር አድማጩ እንደ ኳስ ጨዋታ ተመልካች አንዱን መርጦ ይደግፋል። ስለዚህ በመካከል አንድ ኮሪያዊ መግባት አለበት። ኮሪያ ያኔ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ስለነበረች ብዙ ኮሪያውያን፣ በግዳጅ ሥራ የመጡትም ጭምር፣ ሂሮሺማ ውስጥ ነበሩ፤ በቦምቡም አለቁ። መታሰቢያቸው በ1970 የቆመው ከከተማዋ የሰላም መናፈሻ ውጪ ነበር፣ ወደ ውስጥ የገባውም በ1999 ነው። የዚህ ሰው ምስክርነት ሲነበብ ተጎጂ የተባለው አገር በዳይም እንደነበር፣ በዳይ የተባለው ቦምብም የእርሱን አገር ነጻ መውጣት እንዳፋጠነ፣ ሆኖም እርሱንም ከማቃጠል እንዳልተመለሰ ይሰማል። አድማጩ ያዘጋጀው የድጋፍና የተቃውሞ መስመር እዚህ ላይ ይበጠሳል፤ ውይይቱ የሚጠቅመው ከዚህ በኋላ ነው።

የቅደም ተከተሉ ነገርም ቀላል አይደለም። ትሩማን ጀምረው ተጎጂዋ ብትጨርስ ጽሑፉ ፍርድ ይመስላል፤ ወታደሩ ቢጨርስም እንዲሁ። እኔ የቀኑን ቅደም ተከተል መከተል ይሻላል ባይ ነኝ፣ ያውም ተንኮል አለበት ብሎ የሚጠረጥር ስለማይኖር ብቻ አይደለም። በቀን ቅደም ተከተል ሲነበብ የሳይንቲስቶቹ አቤቱታና የወታደሩ ደብዳቤ የሚሰሙት ቦምቡ ከመጣሉ በፊት ነው፤ አድማጩም መጨረሻውን ቢያውቅም ለጥቂት ደቂቃ መጨረሻውን በማያውቁ ሰዎች መካከል ይቀመጣል። ያለፈውን ከዛሬ ተነሥቶ የመፍረድ ልማድ ለጊዜው ጋብ ይላል። በሂሮሺማ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ወደ አንድ መቶ አርባ ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደሞተና ናጋሳኪም ከሦስት ቀን በኋላ እንደተመታች ሊናገር የሚገባው ከየትኛውም ወገን ያልሆነ፣ ቀንና ቁጥር ብቻ የሚያነብ ተራኪ ነው።

የጽሑፉ አዘጋጆች ሊጠብቁት የሚገባ አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፦ የተነበበው ቃል የሰነዱ ቃል መሆኑ ወይም አለመሆኑ ለታዳሚው በግልጽ ይነገር። ማሳጠር ያለ ነው፤ አንድን ምስክርነት ከአሥር ገጽ ወደ ግማሽ ገጽ ማውረድ ግድ ይላል። ከብዙ ሰዎች ቃል አንድ ተናጋሪ መፍጠርም አንዳንድ ጊዜ ይደረጋል። ያልተባለን ነገር እንደተባለ አድርጎ ማቅረብ ግን፣ ለበጎ ዓላማም ቢሆን፣ ሙዚየሙ ያለውን ብቸኛ ሀብት፣ አመኔታውን፣ ያጠፋዋል። ከዚህ ጋር የሚያያዘው ሌላው ጉዳይ የሐሰት ሚዛናዊነት ነው። ሰዎች በአንድ ድርጊት ትርጉም ላይ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ድርጊቱ መፈጸሙ በማስረጃ ከተረጋገጠ በኋላ ግን የሚክደው ሰው በንባቡ ላይ ወንበር አያስፈልገውም። በእልቂት የተጨፈጨፉ ሰዎችን ቁጥር የሚክድን ጽሑፍ ለአንድ ጎብኚ ሰጥቶ በጥሩ ድምፅ እንዲያነብ ማድረግ ውሸትን ማስዋብ ነው። ሙዚየሙ «ሁሉንም ድምፅ አሰማሁ» ብሎ ከኃላፊነቱ እንዲሸሽ የጋራ ንባብ መደበቂያ ሊሆነው አይገባም።

የሚና አሰጣጥ ላይ ብዙ አዘጋጆች የሚሰናከሉት ሳያስቡት ነው። ሰውን በመልኩ፣ በስሙ ወይም በአነጋገሩ ገምቶ «ይህ ለአንተ ይስማማል» ብሎ ወረቀት መስጠት ንባቡን ገና ሳይጀመር ያበላሸዋል። ወረቀቶቹ ተገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡና እያንዳንዱ ራሱ ያንሣ፤ አንብቦ ሲያየው የከበደውም ምክንያት ሳይጠየቅ ይመልሰው። ማዳመጥ ብቻ የፈለገ ሰው ሙሉ ተሳታፊ መሆኑ ከመጀመሪያው ይነገር። በአሮጌ ሰነዶች ውስጥ የዘር ስድብ ሲኖር ይነበብ ወይስ ይዘለል የሚለውም አስቀድሞ መወሰን አለበት። በእኔ እምነት ስድቡ በታተመው ወረቀት ላይ ለታሪክ ማስረጃነት ሊቀመጥ ይችላል፤ ጮክ ብሎ ግን መነበብ የለበትም፣ ምክንያቱም ከአንባቢው አፍ ሲወጣ በክፍሉ ውስጥ ያለ አንድ ሰው የሚሰማው የዛሬ ስድብ ሆኖ ነው።

ንባቡ ካበቃ በኋላ የሚመጣው ዝምታ አወያዮችን ያስፈራል፣ ቶሎ ለመሙላትም ይቸኩላሉ። አንድ ደቂቃ ሙሉ መተው ይሻላል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ትክክል ነበር?» ከሆነ ሰዎች ወዲያው ጎራ ይለያሉ፤ «ጆሮአችሁ ላይ የቀረው የትኛው ዓረፍተ ነገር ነው?» ቢባል ግን ሁሉም መልስ አለው፣ የማንም መልስ ስሕተት አይደለም። ኒው ዮርክ የሚገኘው የቴኔመንት ሙዚየም በዚህ ረገድ ብዙ አስተምሯል። በ1863 የተሠራውንና ስደተኞች ተጨናንቀው ይኖሩበት የነበረውን የኦርቻርድ ጎዳና ሕንፃ የሚያስጎበኘው ይህ ሙዚየም፣ ከ2004 ጀምሮ ጎብኚዎችን ከጉብኝቱ በኋላ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ ስለ ዛሬው ስደት ያወያይ ነበር። በ1999 ይኸው ሙዚየም ከኬፕ ታውኑ የዲስትሪክት ሲክስ ሙዚየምና ከሌሎች ጋር ያቋቋመው ዓለም አቀፍ የኅሊና ሥፍራዎች ኅብረት የሚከተለው የውይይት ሥርዓት በአራት ደረጃ የሚሄድ ነው። ሰዎች መጀመሪያ ይተዋወቃሉ፣ ቀጥሎ ከራሳቸው ሕይወት ይናገራሉ፣ ከዚያ ከራሳቸው ወጥተው ሰፊውን ጉዳይ ይመረምራሉ፣ በመጨረሻም የሰሙትን ያሰባስባሉ። ቁም ነገሩ ሦስተኛው ከሁለተኛው እንዳይቀድም መጠበቅ ነው፤ ሰው የገዛ ገጠመኙን ሳይናገር ፖለቲካ ውስጥ ከገባ የሚደግመው ከዚያ በፊት ከሬዲዮና ከስልኩ የሰማውን ነው።

አወያዩ የታሪኩ ሊቅ መሆን አይጠበቅበትም፤ እንዲያውም ሊቅ ሲሆን ውይይቱ ወደ ጥያቄና መልስ ይወርዳል። ሰነዶቹን የሚያውቅ የሙዚየሙ ባለሙያ አጠገቡ ይቀመጥና ሲጠየቅ ብቻ ይመልስ።

የእኛ አገር አንባቢ ስለ ራሱ ቤት የሚያስበው ነገር መኖሩ አይቀርም። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሟቾችን ፎቶግራፍ፣ ልብስና አፅም ይዟል፤ ከአስጎብኚዎቹም መካከል በዚያ ዘመን ታስረው የተሠቃዩ ሰዎች አሉበት። ጎብኚው የሚሰማው ምስክርነት እጅግ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ሰምቶ ይወጣል እንጂ አይወያይም። ስለዚያ ዘመን ደግሞ ዛሬም ድረስ አንድ ልብ የለም። የኢሕአፓ፣ የመኢሶንና የደርግ አባላት የነበሩ ሰዎችና ልጆቻቸው በአንድ ሠፈር ይኖራሉ፣ በአንድ ዕድር ይቀብራሉ፤ ማን መጀመሪያ ተኮሰ የሚለው ጥያቄ ግን ማዕድ ላይ አይነሣም። ለንባብ የሚሆን ጽሑፍ ማጣት ችግር አይሆንም። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ለፍርድ ቤት ያቀረባቸው ሰነዶች፣ የምስክሮች ቃል፣ የተከሳሾች መልስ፣ በ1999 ዓ.ም. የተሰጠው ፍርድ፣ የዘመኑ በራሪ ወረቀቶችና ከእስር ቤት የወጡ ደብዳቤዎች አሉ።

ሆኖም እዚህ ላይ ጥንቃቄው ከማሳቹሴትሱ ንባብ እጥፍ ድርብ መሆን አለበት። ከዳግላስ ንግግር ወዲህ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የቀይ ሽብር ሰለባ እናት፣ እኅት ወይም ወንድም ግን ዛሬም በሕይወት አለች፣ አለ። ያልተቀበረ ልጅ ያለው ቤተሰብ ፊት የልጁን ምርመራ ቃል ማንበብ፣ ቤተሰቡ ሳይጠየቅ ከተደረገ፣ ሁለተኛ በደል ነው። ስለዚህ ረቂቁን መጀመሪያ ማየት ያለባቸው ስማቸው የተጠቀሰው ሰዎች ቤተሰቦች ናቸው፤ አውጡት ያሉት ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ንባቦች በር ተዘግቶ፣ ካሜራና ስልክ ሳይገባ፣ ከሃያ በማይበልጡ ሰዎች መካከል ቢሆኑ ይመረጣል፤ የተነገረው ሁሉ በማግስቱ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እንደሚወጣ የሚያስብ ሰው የልቡን አይናገርምና። ስም ተጠርቶ የሚከሰስ በሕይወት ያለ ሰው ካለ፣ ከፍርድ ቤት ውሳኔ ውጪ ያለው ክስ በጽሑፉ ውስጥ መግባት የለበትም። ያ ዘመን ሲያልፍ ገና ያልተወለዱ ወጣቶች ከአረጋውያኑ ጎን ተቀምጠው ማንበባቸው ደግሞ የተለየ ጥቅም አለው፤ ወጣቱ የማያውቀውን የድርጅት ስም ወይም የዘመኑን አነጋገር ጎኑ ያሉትን አባት ዞር ብሎ ይጠይቃል፣ እርሳቸውም ለልጆቻቸው ያላወሩትን ለእርሱ ሲያስረዱ ይገኛሉ።

እያንዳንዱ ንባብ ካለቀ በኋላ አወያዩና የሙዚየሙ ባለሙያ የተነሡትን ጥያቄዎች፣ የተናጋሪዎቹን ስም ሳይጨምሩ፣ በጽሑፍ ቢይዙ ሥራው እየተሻሻለ ይሄዳል። ማንም ያላነሣው አንቀጽ ከቀጣዩ ቅጂ ይወጣል። አድማጮች የአንድን ወገን ድምፅ እየፈለጉ ያጡት ከሆነ ያ ድምፅ በቤተ መዛግብቱ ውስጥ ይፈለጋል። በሦስትና በአራት ንባብ ላይ ተደጋግሞ የተነሣና ሰነዶቹ ያልመለሱት ጥያቄ ሲኖር ደግሞ፣ ያ ጥያቄ እንዳለ፣ በጥያቄነቱ፣ ከዕቃው አጠገብ ግድግዳው ላይ ሊጻፍ ይችላል።